ማን ሰጋ?

«ባንክ ውስጥ ሪፖርት አዘጋጃለሁ» ይላሉ ጠያቂያችን። «ስለ ዘላቂ ኢንቨስትመንት ስንጽፍ አንዱ ባልደረባዬ ‹የአየር ንብረት አደጋ›፣ ሌላዋ ‹የአየር ንብረት ስጋት› ትላለች። አለቃችን ደግሞ ‹ሪስክ ብላችሁ ገላግሉኝ› ይላሉ። የቱ ነው ልክ?»

«ስጋት» የምትለዋ ልክ ናት። አደጋ የሚደርስ ወይም የሚጣል ነገር ነው። ድሮ «አደጋ ጣለ» ሲባል ባላጋራን ሳያስበው መምታት ነበር። ጎርፍ መጋዘን ካጥለቀለቀ አደጋ ደረሰ እንላለን። ስጋት ግን «ሰጋ» ከሚለው ግሥ ስለወጣ ባለቤት ይፈልጋል። ማን ሰጋ? አበዳሪው! መጋዘኑ የብድር መያዣ ከሆነ ደመናው ገና ሳይቋጥር ባንኩ ሰግቷል። ወለዱን ከፍ ያደርጋል፣ የመክፈያ ጊዜውን ያሳጥራል፣ ወይ ጭራሽ አላበድርም ይላል። «የአደጋ ስጋት» ስንልም ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን አፋችን ራሱ ይመሰክራል።

ጎርፍ የሌለበት ስጋትም አለ። በካርቦን ልቀት ላይ ግብር ቢጣል፣ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ዋጋው ይወርዳል፤ ለእሱ ያበደረ ባንክም አብሮ ይጎዳል። ባለሙያዎች ይህንን የሽግግር ስጋት፣ የጎርፉን አካላዊ ስጋት ይሉታል። የየአገሩን የባንክ ተቆጣጣሪዎች የሚያሰባስበው የባዝል የባንክ ቁጥጥር ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2022 ለእንዲህ ዓይነቱ ስጋት መርሆዎች አውጥቷል። እስቲ «የሽግግር አደጋ» በሉት፤ ወደ ንጹሕ ኃይል መሻገሩ ራሱ መቅሰፍት አይመስልም?

«ስጋት ስሜት ነው፣ አይለካም» የሚሉ አሉ። ትኩሳትም ቴርሞሜትር እስኪመጣ በእጅ ዳሰሳ ነበር የሚታወቀው። እርግጥ «ስጋቱ በመቶ ስንት ነው?» ሲባል እኔንም ጆሮዬን ይከረክረኛል። ይለመዳል።

«ዘላቂ» ላይ ጠብ የለኝም። ዘለቀ ማለት ገብቶ እስከ ማዶ መድረስ ነው፤ «ክረምቱን አይዘልቅም» እንደምንለው። ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ዋጋውን ይዞ የሚዘልቅ ሥራ፣ እሱ ነው ባንክ የሚፈልገው። ኢንቨስትመንትን ግን እኔ ብሆን «መዋለ ንዋይ» እላለሁ፤ ያለ ዕ። መዋዕል ዘመን ነው፤ የገንዘብ ዘመን ምን ማለት ነው? መዋለ ሕፃናት ልጆች የሚውሉበት ከሆነ፣ ይኸኛው ገንዘብ የሚውልበት ነው። ሕዝቡ ዕ-ን ጨምሮ ከጻፈ ቆይቷል፤ ተሸንፌያለሁ።

አለቃዎም በስብሰባ ላይ ሪስክ ይበሉ፤ ሁሉም ይገባዋል። ሪፖርቱ ላይ ግን ስጋት ብላችሁ ጻፉ፤ የማን እንደሆነም ጨምሩ።