ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ ኡቡንቱ ሲጠፋ

ከዊንዶውስ ጎን የጫንከው ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓት) ዊንዶውስን እንደገና ስትጭን ጠፋብኝ ብለህ ጠይቀሃል። ክፍሉን ከዲስኩ ላይ ካልሰረዝከው በቀር ኡቡንቱህ አልጠፋም። ዊንዶውስ 11ን እንደገና ስትጭነው ራሱን ከፊት አስቀድሞ ነው፤ ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ሲነሳ የግራብ መምረጫ (ኡቡንቱ ወይስ ዊንዶውስ ብሎ የሚያስመርጥህ ገጽ) ሳይመጣልህ ቀጥታ ዊንዶውስ የሚገባው። «ሁለቱንም አጥፍቼ ከዜሮ ልጀምር ወይ?» ላልከው፣ በፍጹም እንዳታደርገው።

1. ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታበራው ኤፍ2ን ደጋግመህ ተጫን (በአንዳንዱ ኤፍ10 ወይም ዴል ነው)። ባዮስ (የኮምፒውተሩ አነሳስ የሚስተካከልበት ገጽ) ይከፈታል።

2. ቡት (የመነሻ ተራ) የሚለው ውስጥ ገብተህ ኡቡንቱን ከዊንዶውስ ቡት ማኔጀር በላይ አድርገውና ሴቭ ብለህ ውጣ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

3. ኡቡንቱ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ፣ ኡቡንቱን በጫንክበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሳው፤ ሳትጭን መሞከሪያውን ምረጥ፤ ከዚያ ቡት ሪፔር የሚባለውን አነሳሱን የሚጠግን ፕሮግራም አውርደህ አሠራው። ኢንተርኔት ያስፈልግሃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ባዮሱን ከመንካትህ በፊት ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው) በርቶ እንደሆነ እይ፤ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፕ ላይ ሳታውቀው በርቶ ይገኛል። ከበራ 48 አሃዝ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፈው። እኔ ሳልጽፈው ቀርቼ፣ የቡት ተራውን ስቀይር ቁልፉን ጠየቀኝና የሁለት ዓመት የቤተሰብ ፎቶ እዚያው ተቆልፎ ቀረብኝ።