የመጀመሪያው መልሴ «ፋጉሎ ብቻ» ነበር

ለጀማሪ ኢንጂነሮችና ለሒሳብ ተማሪዎች፣

ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም በተሰጡ ገደቦች ውስጥ ትንሹን ወጪ ወይም ትልቁን ትርፍ የመፈለጊያ ሒሳብ፣ ስትማሩ መፍቻ ዘዴውን ሲምፕሌክስን በእጃችሁ ሠርታችሁ ይሆናል። ሠንጠረዡ አድካሚ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ትምህርቱ ሠንጠረዡ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋናውን ነገር ያስተማረኝ ግን አንድ የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ ነው።

ከበቆሎና ከኑግ ፋጉሎ በትንሽ ወጪ መኖ እንዲቀየጥ ተፈለገ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ። በቆሎ ኪሎው 40 ብር፣ ፕሮቲኑ 9 በመቶ። ፋጉሎ ኪሎው 30 ብር፣ ፕሮቲኑ 30 በመቶ። ከመቶ ኪሎ ቅይጥ ቢያንስ 16ቱ ፕሮቲን ይሁን ተባለ። ሞዴሉን ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ መቶውም ኪሎ ፋጉሎ።

ወረቀቱን ይዤ መኖ ቀያጩ ዘንድ ሄድኩ። በሥራው ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ነበሩ። አየት አደረጉትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ አሰሩ ይበዛል። ዶሮ አይፈጨውም» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። እኔ ያልነገርኩትን ከየት ያምጣው? አሰር ማለት ፋይበር ነው። በቆሎ 2፣ ፋጉሎ 18 በመቶ አለው ብለን እንያዝ። ከጠቅላላው ቅይጥ ከ8 በመቶ አይብለጥ የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። አሁን 37.5 ኪሎ ፋጉሎና 62.5 ኪሎ በቆሎ ሆነ። ወጪው 3,625 ብር።

የሞዴል መጻፊያ ቋንቋዎችን፣ አምፕልን፣ ጋምስን፣ በነፃ የሚገኘውን የጂኤልፒኬ ማትፕሮግን የምወዳቸው ለዚህ ነው። የምትጽፉት ነገር እኚያ ሰው ከተናገሩት ብዙም አይርቅም፦ የእያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ አሰር በመጠኑ ተባዝቶ ሲደመር ከገደቡ አይለፍ። በቃ። አሥር ጥሬ ዕቃ ቢኖርም መስመሩ ያው ነው። ሞዴሉ ለብቻው፣ ዳታው ለብቻው ይቀመጣል። የበቆሎ ዋጋ ሲንር ዳታውን ብቻ ትነካላችሁ። ፉርሽካ ልጨምር ብትሉም እንደዚያው። ቁጥሩን ቀመሩ ውስጥ ቀብሮ መጻፍን ግን ከአሁኑ ተዉት፣ እባካችሁ። ከስድስት ወር በኋላ የራሳችሁን ሥራ ማንበብ ያቅታችኋል።

ማስላቱ ዛሬ ቀላል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1945 ጆርጅ ስቲግለር የተባለው ኢኮኖሚስት ከ77 የምግብ ዓይነቶች ለአንድ ሰው የዓመት ርካሽ ቀለብ ፈለገ። በግምት እየሞከረ 39.93 ዶላር አደረሰው። ሲምፕሌክስ በ1947 ሲመጣ ዘጠኝ ሰዎች በእጅ ማስያ ቁጭ ብለው ሠሩት። የአንድ ሰው 120 የሥራ ቀን የሚያህል ጊዜ ፈጀ። ያገኙት 39.69 ዶላር ነው። ያንኑ ችግር የእናንተ ላፕቶፕ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈታዋል። የተረፈውን ጊዜ ሥራውን የሚያውቀውን ሰው ለመጠየቅ አውሉት። ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ግቡንና ገደቦቹን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ለእሱ አንብቡለት።

መልሱ ከወጣ በኋላም አትቸኩሉ። ሶልቨሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚፈታው ፕሮግራም፣ ከመጠኖቹ ጋር የእያንዳንዱን ገደብ ዋጋም ይሰጣችኋል፦ ገደቡ በአንድ ቢላላ ወጪው በስንት እንደሚቀንስ። ብዙዎች ያልፉታል። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። በእኛ ቅይጥ የፕሮቲኑ ገደብ ዋጋ ዜሮ ነው፤ ቅይጡ 16.9 ገደማ ስላለው አይጨንቀውም። የአሰሩ ገደብ ግን ከ8 ወደ 9 ቢላላ በመቶ ኪሎ 62 ብር ከ50 ያድናል።

ይህንን ቁጥር ይዤ ተመለስኩ። «ለጫጩት አይሆንም» አሉኝ ቀያጩ፤ «እንቁላል ጣዮቹ ግን ይችሉታል።» በማግስቱ የአሰሩን ገደብ በዶሮ ዓይነት ለያየሁት።