የድሮ ምርጥ ፊልሞች ዛሬም ፈታ ያደርጋሉ ወይ?

ጥያቄህ እንደገባኝ «ሁሌ ምርጥ የሚባሉት የድሮ ፊልሞች ፈታ ለማለት ብቻ ለሚያይ ሰው ይሆናሉ ወይስ ዝም ብለው የተካቡ ናቸው?» የሚል ነው። በኔ ልምድ አንዳንዶቹ ቁጭ አድርገው ያስጨርሱሃል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ያስተኙሃል። ዕድሜያቸው ብዙም ለውጥ አያመጣም። ወሳኙ የተደነቁበት ምክንያት ነው።

ቤት ውስጥ ፊልም መራጩ እኔ ነኝ። አብረውኝ የሚያዩት ታናናሾቼና ጓደኞቼ ስለ ፊልም ታሪክ ግድ የላቸውም። ሲደብራቸው አይነግሩኝም፤ ስልካቸውን ያወጣሉ። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ሃያሲ አላውቅም።

«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» (1957፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲታይ ስልክ የሚያወጣ የለም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ከሞላ ጎደል ሙሉ ታሪኩ አንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ። ግን በነፍስ ግድያ የተከሰሰ የአንድ ልጅ ሕይወት በአሥራ ሁለት ጁሪዎች፣ ማለትም ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን በሚወስኑ ተራ ዜጎች፣ እጅ ነው። አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ ብቻ እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ ቀጥሎ ማን ሐሳቡን እንደሚቀይር ለማወቅ ትጓጓለህ። ርዝመቱም 96 ደቂቃ ብቻ ነው።

«ሳይኮ» (1960) ሌላው ነው። ያላየኸው ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለለው። ዋና ገጸ ባሕርይ ናት ብለህ ስትከተላት የቆየሃት ሴት ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ትገደላለች። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ያስከለከለው ያለ ነገር አይደለም። ስለ ሻወር ቤቱ ትዕይንት ቀድሞ የሰማ ሰው እንኳ መጨረሻውን ሲያይ ይደነግጣል።

ለልጆች ከሆነ የቻፕሊንን «ሞደርን ታይምስ» (1936) ክፈትላቸው። ሠራተኛውን የሚያጎርሰው ማሽን ሲበላሽ ማንም ሳያስረዳቸው ይንከተከታሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ሲትዝን ኬን» (1941) «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት በየአሥር ዓመቱ በሚያካሂደው የሃያሲያን ምርጫ ለአርባ ዓመት፣ ከ1962 እስከ 2002፣ አንደኛ ሲባል ኖሯል። ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ሲያወጣው ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር! አንድን ሰው በተለያዩ ሰዎች ትዝታ፣ ጊዜውን እያፈራረቀ ይተርክልሃል። ካሜራው ቅርብም ሩቅም ያለውን እኩል አጥርቶ ያሳያል። ችግሩ እነዚህ ዘዴዎች ዛሬ ተራ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሳይቀር አሉ። ስለዚህ አዲስ ተመልካች «ታዲያ ምኑ ነው የሚገርመው?» ይላል። አልፈርድበትም። እኔ ራሴ የወደድኩት ስለ አሠራሩ ካነበብኩ በኋላ ነው።

በ2022 ደግሞ በዚያው ምርጫ «ዣን ዲልማን» (1975) አንደኛ ወጣ። ከሦስት ሰዓት በላይ አንዲት ሴት የቤት ሥራዋን ስትሠራ ታያለህ። ድንች ትልጣለች፣ አልጋ ታነጥፋለች። በጣም እወደዋለሁ፤ ግን ከሥራ ደክሞት ለገባ ሰው ጋብዤ አላውቅም። ያንን ዝርዝር የሚመርጡት ኑሯቸው ፊልም የሆነ ሰዎች ናቸው። ላንተ ምሽት ብለው አይደለም የመረጡት።

እኔ ብሆን በ«ትዌልቭ አንግሪ ሜን» እጀምር ነበር። ከተመቸህ ወደ ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኩሮሳዋ «ሰቨን ሳሙራይ» (1954) ሂድ። ዛሬ የምናያቸው ቡድን አሰባስቦ ወደ ፍልሚያ የሚሄዱ ፊልሞች ብዙ የወረሱት ከሱ ነው። 207 ደቂቃው እንዳያስፈራህ፤ መሐሉ ላይ የራሱ ዕረፍት አለው። እዚያ አቁመህ ቀሪውን በማግስቱ ማየት ትችላለህ።