ቴፑ ሳይበላሽ፣ አዛውንቱ ሳያልፉ

ልጆቼ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመዛግብት ሥራ ነው። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምመክራችሁ ከአቦርጂናል፣ ማለትም ከአገሩ ነባር ሕዝቦች የመሬት ክርክር የተማርኩትን ነው።

እኛ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። የዮርታ ዮርታ ሰዎች ግን አልረሱም ነበር። በመሬይ ወንዝ ዙሪያ ያለው አገር የእኛ ነው ብለው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ አዛውንቶቻቸው ከአያት ከቅድመ አያት የሰሙትን አንድ በአንድ ተናገሩ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲፈርዱ ግን የበለጠ ክብደት የሰጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያው በግ ያረባ የነበረ አንድ ነጭ ሰፋሪ ለጻፈው ነው። በ2002 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አጸናው። መሬቱን የያዘው ወገን የጻፈው፣ የተነጠቀው ወገን የተናገረውን አሸነፈ። እኔን ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የንጉራራ ሰዎች መላ አገኙ። ምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ያሉትን የውሃ ጉድጓዶቻቸውን በ1997 ስምንት በአሥር ሜትር ግድም በሆነ ሸራ ላይ ሳሉ። ከዚያ ጉዳያቸውን ለሚሰማው አካል ሲያስረዱ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ሸራው ላይ ወጥቶ፣ የገዛ አገሩ የተሳለበት ቦታ ቆሞ፣ በራሱ ቋንቋ ተናገረ። እንዲያም ሆኖ ውሳኔው የመጣው በ2007 ነው፤ ከሣሉት ብዙዎቹ አላዩትም። ለመሬቱ የተከራከረው የቶረስ ስትሬት ደሴት ተወላጅ ኤዲ ማቦም፣ በስሙ የሚጠራው የመሬት ፍርድ በ1992 ሲሰጥ ካረፈ አምስት ወር ሊሆነው ነበር። ዳርዊን አጠገብ ያለው የኬንቢ የመሬት ጥያቄማ በ1979 ቀርቦ መሬቱ የተመለሰው በ2016 ነው።

ስለዚህ ነገ አትበሉ። ስትቀዱ መጀመሪያ ማን እንደሚናገር፣ የት እንዳላችሁ፣ ቀኑን፣ ስለዚያ መሬት የመናገር መብቱን ከማን እንዳገኘው፣ ሁሉንም በተናጋሪው ድምፅ እዚያው አስገቡ። በወረቀት የጻፋችሁት ከቴፑ ተነጥሎ ሊቀር ይችላል። ዕቃ ቤት ገብታችሁ የድሮ ቴፕ ስትከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ ፕላስቲኩ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው፤ ወደ ዲጂታል ስትገለብጡ እሱን አስቀድሙ።

ደግሞ ያገኛችሁትን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁ። ሴቶች ብቻ የሚሰሙት አለ፣ ወንዶች ብቻ የሚያዩት አለ። የሞተ ሰው ስምና ፎቶ በብዙ ቦታ ለቤተሰቡ ከባድ ነው። ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ቅጂውን ለባለቤቶቹ ሳትመልሱ ግን ሥራው አልቋል ብላችሁ ፋይሉን እንዳትዘጉ።