ሌላ መሬት የመፈለግ ሥራ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የፊዚክስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መሬትን የሚመስሉ ፕላኔቶችን ከሚፈልጉ ተመራማሪዎች ጋር መሥራት እመኛለሁ። ቤተሰቦቼ ግን “ይሄ የሀብታም አገር ሥራ ነው፤ ወደ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተዛወሪ” ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም ተምሬ እስክደርስ ሁሉም ተገኝቶ የሚያልቅ ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ስጋትሽ ልጀምር። አላለቀም። እንዲያውም ዋናው ሥራ ገና ነው።

ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የምትዞር የመጀመሪያዋ ፕላኔት የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያገኟት ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ከዚያ ወዲህ ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጪ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተረጋግጠዋል። ከነዚህ ሁሉ መሃል ግን መሬትን የምታክል፣ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ በዓመት አንዴ የምትዞርና ከባቢ አየሯ የታወቀ አንዲትም የለችም። «መሬትን የምትመስል ፕላኔት ተገኘች» የሚል ዜና ስታነቢ፣ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው መጠኗና ከኮከቧ ያላት ርቀት ብቻ ነው። በመጠን ከሆነማ ቬነስም መሬትን ታክላለች። ገጿ ላይ ያለው ሙቀት ግን ከ460 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ እርሳስ ያቀልጣል።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሁለተኛ መሬት ለምን እስካሁን አልተገኘችም? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው እውነተኛ መልክ የሚታየው እዚህ ነውና።

ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን ይቀንሳል። በምን ያህል? የመሬት ስፋት ከዳር እስከ ዳር ከፀሐይ በ109 እጥፍ ያንሳል። የሚጋረደው ብርሃን የሚለካው በገጽ ስፋት ስለሆነ 109ን በራሱ አባዢው፤ 11,900 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ መሬት በፀሐይ ፊት ስታልፍ፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከ10,000 እጅ ብርሃን አንዱ እጅ እንኳ አይጎድልም። ያውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ለ13 ሰዓት ያህል። ምህዋሯ ከእኛ እይታ ጋር ካልተሰለፈ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። የመሰለፉ ዕድል ከ200 አንድ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀው ኬፕለር ቴሌስኮፕ ይህንን ሊሞክር ነበር የተላከው። ከ2,600 በላይ ፕላኔቶች አገኘ፤ ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ኮከቦቹ ራሳቸው ከተጠበቀው በላይ ብርሃናቸው ሲዋዥቅ ተገኘ። በ2013 ደግሞ ቴሌስኮፑን አነጣጥሮ የሚይዘው መሣሪያ ተበላሸና የመጀመሪያው ዕቅድ ተቋረጠ።

አየሽ፣ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ሰማይ በማየት አይደለም። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ቁጥር ሲያጣራ ነው የሚውለው። ይህ ብርሃን የቀነሰው በፕላኔት ነው፣ በኮከቡ ገጽ ላይ ባለ ጥቁር ነጥብ ነው፣ ወይስ በመሣሪያው ጉድለት? ሥራው ይሄ ነው። ይህን ትወጂዋለሽ ወይ? ከቤተሰቦችሽ ጥያቄ በፊት ራስሽ መመለስ ያለብሽ ጥያቄ ይሄ ነው።

ደግነቱ መልሱን ለማወቅ ፒኤችዲ መጠበቅ አይኖርብሽም። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጠቀው ቴስ የተባለው የናሳ ቴሌስኮፕ ዳታው ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ይህን ዳታ ለማንበብ የሚያገለግል፣ ላይትከርቭ የሚባል የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ፓኬጅም አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ላፕቶፕሽ ደካማ ቢሆንም ጉግል ኮላብ ላይ በብራውዘር ይሠራል። ዋስፕ-18 የምትባለውን ኮከብ ዳታ አውርጂና ግራፉን ሥሪ። በየ22 ሰዓት ተኩሉ ገደማ ብርሃኗ በ1 በመቶ አካባቢ ዝቅ ሲል ታያለሽ። የ1 በመቶ ስኩዌር ሩት 0.1 ነው። ስለዚህ ፕላኔቷ የኮከቧን አንድ አሥረኛ ታክላለች ማለት ነው፤ ጁፒተርን የምታህል ናት። ይህን በገዛ እጅሽ ስታወጪው የሚሰማሽን ስሜት ልብ በይ።

ከዚያ አንድ ፈተና ጨምሪ። አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ዝቅታ ለብቻ፣ ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ስድስተኛውን ለብቻ አድርገሽ አስተያያቸው። በሌላ ኮከብ ላይ ጥልቀታቸው ተለያይቶ ካገኘሽ፣ ፕላኔት ሳይሆን ሁለት ኮከቦች እየተጋረዱ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች በየጊዜው የሚያደርጉት ማጣሪያ ነው። ሁለት ሳምንት በዚህ ተጠምደሽ ካልሰለቸሽ፣ ሙያው ያንቺ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ እንጀራው ጉዳይ። ቤተሰቦችሽ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። በዚህ መስክ ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ጥቂት ነው። አመልካቹ ደግሞ ብዙ ነው። አሜሪካ ፒኤችዲ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ይወስዳል። በፊዚክስና በአስትሮኖሚ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ተሸፍኖ የወር ድጎማ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለትና ሦስት ዓመት የሚቆይ የኮንትራት ሥራ፣ ከአገር አገር መዞር ይመጣል። ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ቢሆንም አትዛወሪ ነው ምክሬ። ከፊዚክስ ወደ ኮድ መሻገር ይቻላል። ከሶፍትዌር ተነስቶ፣ ኳንተምና ኤሌክትሮዳይናሚክስ ሳይማሩ ለአስትሮፊዚክስ ፒኤችዲ መወዳደር ግን ዳገት ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፦ ባዶ የፊዚክስ ዲግሪ ይዘሽ እንዳትወጪ። ፓይተንና ስታቲስቲክስ ከዛሬ ጀምሮ የትምህርትሽ ግማሽ ይሁኑ። ከተዝረከረከ ዳታ ውስጥ እውነተኛውን ምልክት መለየት የቻለ ሰው፣ ባንክም ቴሌኮምም ኢንሹራንስም ይፈልገዋል። ለቤተሰቦችሽ ይህንን አስረጃቸው። «ኮከብ ልፈልግ» ከምትያቸው ይልቅ የሠራሽውን ግራፍ አሳያቸው።

የሀብታም አገር ሥራ ብቻ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቃለች። የሳተላይት ምስል የሚያነብ ሰው የሚጠቀምበት ሂሳብና ኮድ፣ ኮከብ የሚያጠናው ከሚጠቀምበት ብዙም አይርቅም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ውድድር፣ አንድ ኮከብና ፕላኔቷ በኢትዮጵያ በኩል ቡናና አቦል ተብለው ተሰይመዋል። አቦል ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ናት፤ መሬትን አትመስልም። ግን ስማችን እዚያ ሰፍሯል።

ሌላ በርም አለ፤ ብዙ ተማሪ አያስበውም። ዳሎል። ሕይወት እስከ ምን ድረስ መቋቋም እንደሚችል ለማወቅ የውጭ ተመራማሪዎች ወደ አፋር ይመጣሉ። በ2019 የወጣ ጥናት እጅግ ሞቃት፣ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘም። ውሃ አለ፣ ጥናቱ ግን ሕይወት አላየም። ሌላ ፕላኔት ላይ ውሃ መኖሩ ብቻ ነዋሪ አለ እንደማያሰኝ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ የት ይገኛል? ጂኦሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ማይክሮባዮሎጂ ያጠኑ ጓደኞች ካሉሽ ይህን ንገሪያቸው። የኛ ልጆች ለናሙና ተሸካሚነት ብቻ ሳይሆን ለጥናቱ ባለቤትነት መቆም አለባቸው፤ ይህ ከልቤ የሚያንገበግበኝ ነገር ነው።

ለአሁኑ ሴሚስተር እንዲህ አድርጊ። የዋስፕ-18ን ሥራ ጨርሺ። ከዚያ ፕላኔት ሃንተርስ ቴስ በሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ተመዝግበሽ ዳታ ማጣራት ተለማመጂ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሳይከፋፈል በፊት፣ በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ፣ ግራፍሽን ይዘሽ መምህርሽ ቢሮ ግቢ። የቴስ ዳታ ላይ መሥራት እንደምትፈልጊ ንገሪው። ዲፓርትመንትሽ ውስጥ የሚያማክርሽ ከጠፋ፣ እንጦጦ ላሉት ተመራማሪዎች አጭር ኢሜይል ጻፊ፤ ግራፉን አያይዢበት፣ ጥያቄሽ አንድ ብቻ ይሁን።