የካውቦዮቹ ፈረሶች

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊው የካውቦይ ፊልም ተዋናይ የሮይ ሮጀርስ ፈረስ ትሪገር ከሞተ በኋላ ሙዚየም ገባ የሚሉት እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ እውነት ነው። ትሪገር እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሞት ሮይ ሊቀብረው አንጀቱ አልቻለም፤ ቆዳውን አስለፍቶ በፈረስ ቅርጽ ላይ አስለበሰና በኋላ እግሮቹ እንደቆመ ሙዚየሙ ውስጥ አኖረው፣ በ2010 ደግሞ በጨረታ ከ266 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። እንዴት ያለ ፍቅር ነው! የሌሎቹ የካውቦይ ተዋናዮች ፈረሶች፣ የጂን ኦትሪው ቻምፒዮን፣ የቶም ሚክሱ ቶኒም ስማቸው ከጌቶቻቸው ጋር ነው የሚጠራው። እኛስ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን በፈረስ ስም አይደል የጠራን? የራስ ሚካኤልን የወሎ ፈረሰኛ ዓድዋ ላይ ማን ይረሳዋል! ብቻ ፊልሞቹን ስታይ ልብ በል፣ ትሪገር ተለዋጭ ፈረሶች ነበሩት፤ ብዙውን ትርኢት የሚሠራው ትንሹ ትሪገር የሚባለው ነው።