ከዝግባው ሥር ጎረምሳው የት ሄደ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! ከጓደኞቼ ጋር ከሐዋሳ ተነስተን ወንዶ ገነት ያለውን ደን አየን። ከትልልቆቹ ዝግባዎች ሥር ችግኙ እንደ ጎመን መደብ ፈልቷል። ወገቤ ድረስ የሚደርስ ግን ፈልጌ አጣሁ። ደኑ ጥብቅ ነው ከተባለ ምን ነካው? ክረምት ላይ ችግኝ ይዘን ብንሄድስ?
አንባቢዎ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ዓይንሽ ጥሩ ነው እህቴ። ሰው ደን ሲገባ ሽቅብ ነው የሚያየው፣ አንቺ ቁልቁል አየሽ፣ ያውም የጎደለውን።

ራሱን በሚተካ ደን ውስጥ ችግኝ በጣም ይበዛል፣ ጎረምሳው ያንሳል፣ ሽማግሌው ጥቂት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ችግኝ መሞቱ ያለ ነው። ዝግባ ደግሞ ጥላ ይችላል። ብዙም ሳያድግ ሳይሞትም እናቱ ሥር ይቆይና፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ ያኔ ይመዘዛል።

ጎረምሳው ጭራሽ ሲጠፋ ግን ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ከብት ነው፤ ይግጣል፣ ይረግጣል። (ታፔላ አያነብማ!) ከከብቱ ያመለጠው ደግሞ ቀጥ ብሎ ክንድ ሲያክል ለማገርና ለአጥር ይቆረጣል። ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ አገር ይሰማል፣ ቀጭኑን ግን በገጀራ አንዴ ነው። ደኑ ከላይ አረንጓዴ እንደሆነ ከሥር ወራሽ ያጣል።

«ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፣ ቢቆረጥም ይበቅላል» የሚሉሽን አትስሚ። በአገራችን ደጋ ደኖች በተጠናው መሠረት አፈር ውስጥ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የአረም ነው። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍማ ዘሩ ቶሎ ካልተዘራ ይሞታል። እናት ዛፉ ከሄደ ሄደ ማለት ነው።

ወደ ችግኙ ልምጣ። አትቸኩሉ። ሙኔሳ ሻሸመኔ አካባቢ በተተከለ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ሥር እንኳ አገር በቀሉ ዛፍ ማንም ሳይተክለው በቅሎ ተገኝቷል። ብሳናማ ሳይለመን ይመጣል። የምትተክሉት እናቱ በአካባቢው የጠፋችውን ብቻ ይሁን፣ ዋንዛ ከሆነም ብርሃን ያለበት ቦታ፤ ጥላ ሥር ብትተክሉት ትርፉ ድካም ነው።

እኔ ብሆን የደኑን ጠባቂዎች አስፈቅጄ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ቦታ ከብት እንዳይገባበት አጥሬ፣ አጠገቡ ያንኑ ያህል ሳላጥር እተው ነበር። የሁለቱንም ችግኝ ቁጠሩ። ከርሞ ደግማችሁ ቁጠሩና ጻፉልኝ።